ዝናቡ በየት በኩል ነበር?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ማግስት እዚህ ደሴ፣ ሆጤ፣ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጫማ ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ይመስለዋል። ቡናው ተፈልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። «አብሽሪ፣ ለኸይር ነው» ትላለች አንዷ። «እመቤቴ ትከተላት» ትላለች ሌላዋ። ልጅቷ አልታመመችም፤ ፈተናም አልወደቀችም። እንዲያውም ሰፈሩን የሚያኮራ ውጤት ነው ያመጣችው። የደረሳት ግን ሰመራ ነው።

«በረሃ ደረሳት» ነው የሚሉት። የከተማዋን ስም የሚጠራ እንኳ አልነበረም። አምና ከማዶ ያለው ቤት ልጅ አርባ ምንጭ ሲደርሰው እልል ተብሎ ነበር። አርባ ምንጭ ከደሴ ስንት አገር ተቋርጦ የሚደረስበት ነው! ሰመራ ግን ጠዋት ተነስቶ ምሳን እዚያ መብላት ይቻላል። መንገዱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ የዚህን እጥፍ ያህል ይርቃል። እንግዲህ እንባው ለርቀቱ አይደለም።

እናትየው እኔን ስታይ «አንተ ተምረህበት የለ? እስቲ የሚያጽናናት ነገር ንገርልኝ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ ጥቂት ተናገርኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ሰው የሚወለድበት፣ የሚዳርበት፣ የሚነግድበት፣ የሚማርበት ከተማ ነው። ወጣትነቴን ግማሹን እዚያ አሳልፌያለሁ። ቡና ላይ ከሚባለው በላይ ሊባልለት የሚገባ አገር ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

ቁልቁለቱ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሰመራ 430 ሜትር ገደማ ላይ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ከጦሳ ግርጌ ተነስቶ ሰመራ የሚወርድ ሰው መውረዱ ብቻ 13 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል። ሀረጎን ሲወርድ ጋቢውን ያጥፋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ ባቲ ላይ እጅጌውን ይሰበስባል። ከባቲ በኋላ ተራሮቹ እያነሱ ይሄዱና ሜዳው ይዘረጋል፤ ግራሩ ያጥራል፤ ግመሉ ከበሬው ይበዛል። እስከዚያ ድረስ መስኮት የሚከፈተው ነፋስ እንዲገባ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ነፋስ አክንባሎ ሲነሳ ፊትን የሚመታው ዓይነት ወላፈን ነው። መንገዱን የለመዱ ተሳፋሪዎች «ኧረ መስኮቱን ዝጉት!» ይላሉ። ሰው በሙቀት መካከል መስኮት ሲያዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ትክክል ናቸው፤ ውጪው ከሰውነት የሚበልጥ ሙቀት ሲኖረው ነፋስ ከሚያበርደው ይልቅ ያደርቃል።

ሁለቱ ከተሞች የአንድ ስንጥቅ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ናቸው ማለት ይቻላል። ደሴ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናት፤ ሰመራ ወለሉ ላይ። የአፋር ዝቅተኛ ምድር የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረብ የምድር ቅርፊቶች የሚለያዩበት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ በስተሰሜን ደባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቆ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተለያይቷል። የሌላ አገር የጂኦሎጂ ተማሪ ይህን በመጽሐፍ ያነበዋል። የሰመራ ተማሪ ግን በዚያው ምድር ላይ ያድራል። ለመማር ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል ዕድል አይደለም፤ ቡና ላይ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰዓቱን መልመድ

ሰመራ አሮጌ ከተማ አይደለችም። የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ የዞረው በእኛ ዕድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ከእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ነው፤ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ከተከፈቱት መካከል ናቸው ሁለቱም። ከጎኗ ያለችው ሎጊያን ግን የጂቡቲ መንገድ ነው ያሳደጋት። ቢሮው ሰመራ ነው፤ ገበያውና ጨዋታው ሎጊያ። ተማሪ ሁለቱን በባጃጅ ያገናኛቸዋል።

እዚያ ለመኖር መጀመሪያ የሚለመደው ሰዓቱ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ከባድ ትምህርት የሚነበበው፣ ጉዳይ የሚፈጸመው ያኔ ነው። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያ ሰዓት በፀሐይ የሚጓዝ ሰው ካየህ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የግድ የሆነበት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሎጊያ ትነቃለች። ከባድ መኪኖቹ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ሽርጥ ለብሰው ሻይ ያዛሉ፤ ፍየል ይታረዳል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ደሴ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በር በሚዘጋበት ሰዓት እዚያ ቀኑ ገና መጀመሩ ነው። ፈተና ሲደርስ እኛም ፍራሻችንን አውጥተን በረንዳ ላይ አንጥፈን በኮሪደሩ መብራት እናነብ ነበር። ሰማዩ በኮከብ ጢም ብሎ፣ ከላይ ምንም ሳይኖር። የደጋ ልጅ እንዲህ ያለ ሌሊት አያውቅም።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ሃይላንድ ውሃ ትወስዳለህ፤ አሮጌ የጥጥ ካልሲ ታለብሰዋለህ። ካልሲውን በደንብ ታርሰዋለህ፤ ታዲያ በሚንጠባጠብ ሳይሆን በጠገበ ልክ ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በገመድ ታንጠለጥለዋለህ። ፀሐይ ላይ ካንጠለጠልከው ከንቱ ነው፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥም አይሠራም። ካልሲው ሲደርቅ ደጋግመህ ታርሰዋለህ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትጠጣው ጉሮሮህ ይመሰክራል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከጨርቁ ላይ በፍጥነት ይተናል፤ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ከጠርሙሱ ይዞ ይሄዳል። ይህን ያሳየኝ የአፋር ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ ነው። አያቱ የፍየል ቆዳ ስልቻ ዛፍ ላይ ሰቅለው ያንኑ ያደርጉ ነበር። ፊዚክሱን ሁለታችንም በኋላ ነው የተማርነው፤ እሱ ግን ውሃውን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠጥቶታል።

እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ይባል የለ። ተማሪው ቶሎ ይለምዳል። የሚያሳዝነኝ የቀን መቁጠሪያችን ነው። የአገራችን የትምህርት ዓመት የተቀመረው በደጋ ክረምት ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዕረፍት ነው፤ ሰኔ ማጠቃለያ ፈተና። አፋሮች ዓመቱን በራሳቸው ወቅቶች ይከፍሉታል። ካርማ ዋናው ዝናብ ነው፤ ጊላል ቀዝቃዛው ወራት፤ ሱጉም የበልጉ ዝናብ፤ ሀጋይ ደግሞ ደረቁና ነዲዱ ወቅት። ሀጋይ የሚውለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ። ልጆቻችን ትልቁን ፈተና የሚቀመጡት ልክ በዚያ ጊዜ ነው። ጊላል፣ ያ ለንባብ የተፈጠረ የሚመስል ወራት፣ ግማሹ በምዝገባና በሴሚስተር መሀል ዕረፍት ያልፋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ያሉት አባቶች ለዚህም ይሠራል። በረሃ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ዓመቱን ከጊላል ጀምሮ ቢቆጥር ምን ይጎድላል? እኔ የሚታየኝ የሚተርፈው ብቻ ነው፤ የሚወስን ሰው ቢያነበው እመኛለሁ።

ሚሌ ላይ

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ።

ነሐሴ ነበር። የክረምት ኮርስ ስለነበረኝ ለአረፋ ደሴ ወጥቼ ስመለስ ነው። አውቶቡሳችን በባቲና በሰመራ መካከል ያለችው ሚሌ ከተማ ላይ ለሻይ ቆመ። የአፋር ጓደኛዬ አብሮኝ ነበር፤ ቤታችን በዓሉን አብረን አሳልፈን ነው የተመለስነው። ዳሱ ሥር እንደተቀመጥን፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ዱላቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አባት መጥተው እጃችንን ጨበጡና አጠገባችን ቁጭ አሉ። አማርኛ ይችላሉ።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከደሴ» አልኳቸው።

ዳጉ ጠየቁኝ። ዳጉ ወሬ ማውራት እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ የሚያስረክብበት ግዴታ ነው። እኔም ስለ በዓሉና ስለ ገበያው ልነግራቸው አሰብኩ። እሳቸው ግን የፈለጉት ሌላ ነበር።

«ዝናብ ነበር?»

«አዎ አባባ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ።»

«በየት በኩል?»

ከተማው ውስጥ በሙሉ እንደዘነበ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን አይደለም። መብረቁ በሐይቅ በኩል ነው ወይስ በኮምቦልቻ በኩል?»

ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ያየሁትን አስታወስኩ። በሰሜን በኩል፣ በሐይቅ ከተማ አቅጣጫ ሰማዩ ይብለጨለጭ ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ደግሞ አንድ ከዚያው በኩል፣ ከሱሉላ የመጣ ሰው ማሳው በውሃ እንደተጥለቀለቀ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ነገርኳቸው።

«ይሄን ያልከውን አየህ ወይስ ሰማህ?»

«መብረቁን አይቻለሁ። ማሳውን ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ከሱሉላ ከመጣ መንገደኛ።»

«እሱ አይቷል?»

«የራሱ ማሳ ነው ብሏል።»

«መቼ ጀመረ? መቼ ቆመ?»

የማውቀውን መለስኩ። ሽማግሌው የነገርኳቸውን ለራሳቸው በአፋርኛ ደገሙት፤ ያየሁትን ለብቻ፣ የሰማሁትን ለብቻ። ከዚያ ወደ ዳሱ ጫፍ ዞረው አንድ ልጅ ጠሩና ሁለት ሦስት ቃል ተናገሩት። ልጁ ይጠጣ የነበረውን ሻይ ሳይጨርስ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ወንዙ ሮጠ። ጓደኛዬን «ምን አሉት?» አልኩት።

«ፍየሎቹን ከወንዙ አሸዋ አውጣ አሉት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሚሌ ሰማይ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ደመና እንኳ አልነበረችም።

ነገሩን የተረዳሁት ጓደኛዬ አሸዋ ላይ በጣቱ ሲስልልኝ ነው። በኮምቦልቻ በኩል የዘነበ ዝናብ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከና በከሚሴ አድርጎ ሩቅ ዞሮ ነው አዋሽ የሚደርሰው። በሐይቅና በተሁለደሬ በኩል የዘነበው ግን የሚሌን ወንዝ ይዞ ወደዚህ ይወርዳል፤ ያ አባት ፍየላቸውን ወዳሰማሩበት አሸዋ። ስለዚህ «በየት በኩል?» ማለት «ወደ እኔ ነው የሚመጣው ወይስ ወደ ሌላ?» ማለት ነው። ደሴን አይተዋት ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኋቸውም። የቤታችን ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ውሃ የትኛውን ገደል ይዞ እንደሚሄድ ግን ከሰፈራችን ሰው በተሻለ ያውቁታል።

ሾፌሩ ክላክስ አደረገና ተሳፈርን። ጎርፉ ይምጣ አይምጣ አላየሁም።

መንገዱን ሙሉ ዝም ብዬ ሄድኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ፈተና ተፈትኛለሁ፤ መልሴ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ያልቃል። የመለስኩትን ሰምቶ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። ጥያቄው ራሱም ከፈተናዎቹ ይጠነክር ነበር፤ ያየኸውን ከሰማኸው ለይ፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ተናገር፣ እሱስ አይቶ ነው ወይ? በኋላ የምርምር ዘዴ የሚባል ትምህርት ስንማር መምህሩ ስለ መረጃ ምንጭ ተዓማኒነት ለሳምንታት አስተማረን። ጎበዝ መምህር ነበር። እኔ ግን ሚሌ ላይ ያሉትን አባት እያሰብኩ ነው ማስታወሻዬን የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ያችን ከተማ ሌላ ዓይን ይዤ ነው የኖርኩባት። ከሎጊያ ስመለስ የአቧራው ነፋስ ከየት እንደተነሳ አያለሁ። ዱብቲ በኩል ለጥናት ስንሄድ አዋሽ ምን እንደመሰለ ልብ እላለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ሊኖር ይችላላ! ደግሞም ይጠይቁኛል። እኔም መጠየቅ ለመድኩ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ የሚለውን አባባል እኛ ለአዋጅና ለሰርግ ጥሪ ነው የምንጠቀምበት፤ እዚያ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው።

የታችኛው ጓዳ

ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ሰመራን የስደት አገር አድርገን ስናወራ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል እየወጣ የደጋው ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመልና ፍየል፣ አማራውና ኦሮሞው እህልና በርበሬ ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ዛሬም አለ። አፋር ውስጥ የታመመ ሰው ደሴ ሆስፒታል ድረስ ይመጣል፤ ከአስታማሚዎቹ ጋር የተዋዛ የሆስፒታል አካባቢ ነጋዴ አፋርኛ ሰላምታ ይችላል። ዝናባችን እንኳ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ እያየን ልጃችን እዚያ ሲደርሳት ዕጣን አጭሰን ማልቀስ ምን ይባላል?

ሙቀቱን ልቀንሰው አይደለም። ሀጋይ ከባድ ነው። አንዳንድ ልጅ አፍንጫው ይነስረዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ውሃ ሳይጠማ መጠጣት፣ በቀትር አለመንቀሳቀስ፣ ጨው ያለው ነገር መቅመስ ቀልድ አይደለም። ናፍቆቱም አለ፤ ጭጋግ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን ሰው የሚችለው ነው። የሚከብደው ሳንሞክረው ከላይ ሆነን የምናወራው ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ራሷ በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ አንተ በረንዳ ላይ እንተኛ ነበር ብለሃል። ሴት ልጅስ?» አለችኝ። ካገኘኋት ጀምሮ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው፤ ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነው። በረሃው ለወንድና ለሴት አንድ አይደለም። ሽርጥ ታጥቆ ደጅ ላይ የሚጋደም ወንድ ያለውን ነፃነት ሴት ሁልጊዜ አታገኘውም፤ እኔም ያልኖርኩትን ልመሰክር አልችልም። ስለዚህ አብራን ለተማረች፣ አሁን ኮምቦልቻ ለምትሠራ እህታችን ደወልኩላትና ስልኩን ሰጠኋት።

ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ከጎን ሆኜ የሰማሁት ይህን ነው፦ ነጠላ አርሶ ጨምቆ ለብሶ ሲሚንቶ ወለል ላይ መተኛት፤ ከናይለን የጥጥ ልብስ፤ ከጥቁር ነጭ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የአፋር ጓደኛ መያዝ፤ «ቤታቸው ቅዳሜ ይጠሩሻል፣ እንዳትቀሪ»። ልጅቷ ደብተር አውጥታ ጻፈች። እናቷ ምደባው እንዲቀየር አሁንም ሰው እያስጠየቀች ነው፤ አልፈርድባትም፣ እናት ናት። ልጅቷ ግን ሻንጣ መርጣለች።

እኔ የጨመርኩላት ስለ መንገዱ ብቻ ነው። ከደሴ በ12 ሰዓት ተነሺ። ባቲ ላይ ባትራቢም ብዪ፣ ውሃ ጠጪ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያቀና በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይዋ በቀኝ ትመታለች፤ ከሾፌሩ ጀርባ፣ በግራ ረድፍ ተቀመጪ። ሚሌ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ደግሞ ውረጂ፤ የሚጠይቅሽ ካለ መጀመሪያ ያየሽውን፣ ቀጥሎ የሰማሽውን ንገሪ።